ማታ ማታ በልክ ይጠጣል

ጥር 5

የማታ ትምህርት አስተማሪያችን «ፊደል እንደ ቢላ ነው፤ ካልሳሉት ይዶለዱማል» ይል ነበር። ስለዚህ እጽፋለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። የሚሰማኝ ሰው ቢኖርማ እናገረው ነበር።

ዛሬ ልጄ በቀለም ባልዲ የተተከለ ሐረግ ከአንድ ተሸካሚ ጋር እያለከለከ ይዞ መጣ። ቁመቱ ትከሻዬ ጋ ይደርሳል። ቅጠሉ ወፍራም፣ ዘይት የተቀባ ይመስል የሚያብለጨልጭ ነው። ሽቦ ከተዘረጋለት ግድግዳውን ይወጣል፣ ሲያብብ መዓዛው ሰፈሩን ያውዳል ብሎ ሻጩ ነግሮታል። ያመጣው ለአማቱ በረንዳ ነው። አማቱ ማለት የምራቴ እናት፣ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኛ ጋር ትኖራለች። በረንዳ ያለው ክፍል ድሮ የእኔ ነበር። እሷ ስትመጣ «ለጊዜው ነው፣ እማዬ» ተብዬ ከማድ ቤቱ አጠገብ ወዳለችው፣ የማይፈለግ ዕቃ ይታጎርባት ወደነበረችው ክፍል ተዛወርኩ። ለጊዜው የሚባለው ጊዜ የት እንደሚያልቅ እስካሁን ማንም አልነገረኝም።

ሐረጉን ማጠጣት የእኔ ሥራ ሆነ። «የእማዬ እጅ ለተክል ጥሩ ነው» አለ ልጄ፣ በቃ አለቀ። ዕድሜዬን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ያጠበ እጅ ለውሃ ጥሩ ካልሆነ ለምን ይሆናል።

ግንዱ ላይ በክር የታሰረች፣ በላስቲክ የተለበጠች ትንሽ ወረቀት አለች። ማንም ልብ አላላትም። እኔ ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኳት፦ «የወርቅ ጽዋ። ማታ ማታ በልክ ይጠጣል።»

ጥር 9

ራት ላይ ከጋዜጣው አንድ ርዕስ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ባላነብ ይሻለኝ ነበር። «ዋና አሠልጣኙ ተሰናበተ» ይላል። ታዲያ ልጆቹን አሁን ማን ያዋኛቸዋል አልኩ። ምራቴ አንገቷን ደፋች፤ ሳቋን ለመደበቅ መሆኑ ገብቶኛል። መምህሯ ግን አልደበቀችም።

«ዋና ነው እንጂ ዋና አይደለም» አለችኝ። «አጥብቂው።»

አሁን ስጽፈው አንድ ሆነ። እሷ ስትለው ግን ሁለት ነበር።

በኋላ ሳህን ሳጥብ በኮሪደሩ ለልጇ ስታወራ ሰማኋት። «ፊደልስ ቆጥራለች። አነበበች ለማለት ግን ይከብደኛል።» ጆሮዬ ገና ደህና መሆኑን ረስታዋለች።

ሌላም ነገር አለ። እኔ አንቱ እላታለሁ። እሷ አንቺ ትለኛለች። በዕድሜ ብንቆጠር ምን ያህል እንደምትበልጠኝ እንጃ። በፊደል ነው የቆጠረችው።

ጥር 15

ሐረጉ ሽቦውን ያዘ። ማንም ሳያስተምረው ተጠምጥሞ ወጣ። ማታ ማታ አንድ ጣሳ ውሃ አፈስለታለሁ፤ ማታ ላይ ነው በረንዳው ጥላ የሚሆነው።

ምን ዓይነት እንደሆነ ዛሬ ተከራከሩ። ልጄ ጃስሚን ነው አለ። መምህሯ ቅጠሉን በጣቷ ዳበሰች፤ ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው የምታየው በጣቷ ነው፣ ለማንበብም ያን ትልቅ ማጉያ መነጽር ካልያዘች አይሆንላትም። ጃስሚን እንዲህ የወፈረ ቅጠል የለውም፣ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ነበር አለች። ምራቴ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ስልኩ የድንች ዘመድ ነው አላት። ተሳሳቁ። «ታዲያ ቆፍረን ሥሩን እንቀቅለዋ» አለ ልጄ። መምህሯም «ሳያብብ አይታወቅም። ተክል ማንነቱን የሚናገረው በአበባው ነው» ብላ ዘጋችው።

ስሙን እኔ አውቀዋለሁ። ወረቀቷ ላይ ተጽፏል። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። አንድ ነገር እኔ ብቻ ልወቅ።

ጥር 19

መምህሯ እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች። ነጠላ ጫማዋ በኮሪደሩ ሲመላለስ ለእኔም እንቅልፍ አልሰጥ ብሎኛል። ዛሬ ከራት በኋላ ማድ ቤት መጥታ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ደክሟታል። ደክሟት ሳያት ትንሽ ሰው ትመስላለች።

ለእንቅልፍ የሚሆን ቅጠል አለ አልኳት። እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም። ከአፌ አመለጠኝ።

«ምን ቅጠል?»

«ማታ ማታ ይጠጣል ተብሎ ተጽፎበታል» አልኳት።

«ከተጻፈ ደህና» አለች። ለተጻፈ ነገር ያላትን አክብሮት ግማሹን እንኳ ለሰው ብታደርገው።

ከየት እንደቆረጥኩት አላየችም። ከሱቅ የተገዛ መስሏት ይሆናል። ሁለት ቅጠል አፈላሁላት። ቀምሼዋለሁ፤ ይመራል፣ ምላሴንም አደረቀው። ስኳር ጨመርኩበት።

ጥር 20

እስኪረፍድ ተኛች። ስትነሳ ማድ ቤት ድረስ መጥታ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ልጇ እየሰማች። አንብቤ ያገኘሁት ነገር ለመምህርት ጠቀማት። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሳጥብ ሳንጎራጉር ዋልኩ መሰለኝ፤ ምራቴ «እማማ ዛሬ ምን አገኙ?» አለችኝ።

ጥር 26

ሌሊቱን ሳልተኛ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ካላማረ ለዚህ ነው።

መምህሯ ሌሊት ጮኸች። ስንደርስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ከአየር ላይ ክር ትለቅማለች። ክር የለም። ፊቷ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ ጥቁሩ ብቻ ሆኗል። ክፍሉ ውስጥ ተማሪዎች ተሰብስበውላታል። ከኋላ የተቀመጡትን ዝም በሉ ትላለች። በረንዳው ላይ ደግሞ ባሏ ኮቱን ለብሶ ቆሟል፤ በሩን ክፈቱለት ትላለች። ምራቴ ታለቅሳለች፣ ልጄ ውሃ ያመጣል።

ወደ እኔ ዞረችና «አንቺ ልጅ፣ ለምን ትቆሚያለሽ? ቦታሽ ላይ ተቀመጪ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ለምን እንደተቀመጥኩ አላውቅም። በልጅነቴ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ጥር 27

ዛሬ ደህና ናት። አፍራለች። ማንንም አላየችም፣ ሳህኗን ብቻ አየች። ምናልባት ትናንት ያፈላሁት በዝቶ ነው። በልክ ነው የሚለው። ልክ ስንት እንደሆነ ግን አልጻፈም።

የካቲት 1

እንደገና እንዲያው ሆነች። ሐኪም ዘንድ ወሰድናት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። አዲስ የጀመሩት መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ምራቴ የግፊት ኪኒኗ ብቻ ነው አለች። የምትበላው የምትጠጣው ላይ የተለወጠ ነገርስ? ማታ ሻይ ትጠጣለች አለች ምራቴ። ሻይማ ጥሩ ነው አለ ሐኪሙ፣ ጻፈ። እኔ የመምህሯን ቦርሳ ታቅፌ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሻዩን ማን ያፈላዋል ብሎ የጠየቀ የለም። ያልተጠየቁትን መመለስ መቀላመድ ነው።

በዚህ ዕድሜ አእምሮ እንዲህ ያደርጋል አለ። ቀስ እያለ ይሄዳል አለ። መምህሯ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ተማሪ አዳመጠችው። «ሁሉም ይሄዳል?» አለችው። እሱ ወረቀቱን አየ።

የካቲት 4

ትናንት አልሰጠኋትም። ደህና አደረች።

ይህ ምንም ማለት አይደለም። ሰው አንድ ሌሊት ደህና ያድራል።

የካቲት 5

ራሷ ጠየቀችኝ። «ያ ሻይሽ የት ሄደ? እሱ ብቻ ነው የሚያስተኛኝ።» ምን ልበላት። አንድ ቅጠል ብቻ አፈላሁላት። ጠይቃኝ ነው እኮ።

የካቲት 6

ተማሪዎቹ ተመልሰው መጡ። በማዕረግ ስታስቀምጣቸው አደረች።

የካቲት 8

ልጄና ሚስቱ በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰማሁ። ግድግዳችን ወረቀት ነው። አረጋውያንን የሚያሳርፍ ቤት አግኝተዋል። ንጹሕ ነው፣ ነርሶች አሉት፣ በሩ ግን ከውጭ ይቆለፋል። ምራቴ «እናቴን እንዴት ቆልፌ እተኛለሁ» እያለች አለቀሰች። ልጄ «አንድ ሌሊት ከበረንዳው ብትወድቅስ» አላት። ቆይቶ ደግሞ ልጄ «እማዬም ወደ ክፍሏ ትመለሳለች» አለ።

እንደ ማጽናኛ ነው ያለው። የተናገረው ለሚስቱ ነው። እኔ አልተናገርኩም፣ እኔ አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ የበረንዳውን መጋረጃ ለካሁት። መታጠብ ስላለበት ነው። ሲታጠብ ይሸበሸባል።

የካቲት 12

ዛሬ ይህን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ካልጻፍኩት ነገ እንዳልነበረ አደርገዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ችግኝ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ለባልዲው አፈር ልገዛ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሻጩ መንገድ ዳር በቆርቆሮ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ሆዱ ትልቅ፣ ቀልዱ ከሆዱ የሚበልጥ ሰው ነው። እያንዳንዱ ተክል ላይ እንደ እኛው ያለች ወረቀት ተንጠልጥላለች። እስኪጨርስ ስጠብቅ አነበብኳቸው። አንዱ ላይ «ፀሐይ ይወዳል» ይላል። አንዱ ላይ «ብርድ ይፈራል»። እሾሃሙ ላይ «ሰው አይወድም»። አንድ ቅጠለ ሰፊ ላይ «ጠዋት ጠዋት ይጠጣል»።

አንዲት ገዢ ያንን ቅጠለ ሰፊ አነሳች። ሻጩ «እሱ ብዙ ይጠጣል። የወንድሜ ወዳጅ ነው» አላት፤ ሴትዮዋ ሳቀች።

ይጠጣል አለ። ላልቶ። ጠ ላይ ሳይቆም፣ እንደ ውሃ አፍስሶት አለፈ።

የአፈር ከረጢቱ ላይ ቁጭ አልኩ። የማታ አስተማሪያችን ትዝ አለኝ፤ «ፊደላችን አይጠብቅም አይላላም፤ የሚያጠብቀውም የሚያላላውም አንባቢው ነው» ብሎ ሰሌዳው ላይ «ይበላል» ብሎ ጻፈ፣ አንዴ ሰው በላ፣ አንዴ ሰው ተበላ። ክፍሉ ሲስቅ እኔም ስቄያለሁ። ገብቶኝ ነበር። ያኔ ገብቶኝ ነበር።

ሻጩን በዘወርዋራ ጠየቅኩት። ያ የወርቅ ጽዋ የሚሉት፣ ሰው ቢጠጣውስ?

«ማን? ሰው?» ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «እንዳይሞክሩት እናቴ። መርዝ ነው፤ ጭንቅላት ያዞራል፣ የሌለ ነገር ያሳያል። እኔ ስገርዘው እንኳ እጄን ሳልታጠብ ዓይኔን አልነካም። አላበበም እንዴ? ካላበበ ያስጠሙት። ውሃ ከጠገበ ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው።»

ለማወቅ ብዬ ነው አልኩት። አፈሩን ሳልይዝ መጣሁ።

ቤት እንደገባሁ ወረቀቷን ከግንዱ ላይ በጠስኳት። ትራሴ ውስጥ ናት።

የካቲት 13

ሻዩ አልቋል አልኳት። «ካለቀ አለቀ» አለች። ያን ያህል ቀላል ነበር።

ካሁን በኋላ አልሰጣትም፤ ስለዚህ አበቃ። ደህና ትሆናለች፣ ደህና መሆኗን ያያሉ፣ ይተዉታል። ምን ብዬ ልናገር? አነባለሁ ብዬ መርዝ አጠጣኋት ልበል? አንብባ ተሳሳተች ብሎ የሚያምነኝ የለም። ክፍሉን ፈልጋ ነው ይላሉ። የሚያምነኝ ቢገኝ ደግሞ መሃይም ይለኛል።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋኝ ሌሊቱን አሰብኩ። መልሱን አገኘሁት። እዚህ አልጽፈውም።

ሐረጉን ማጠጣት አቆምኩ። ደርቆ ይሙት።

የካቲት 19

ደህና ናት። ሙሉ በሙሉ። ግን ማንም አያያትም። ቁልፍ የት እንዳደረገች ብትጠይቅ እርስ በርስ ተያይተው በዓይን ይነጋገራሉ። ጨው ብትደግም ያዝኑላታል። እኔ በሳምንት ስንቴ ጨው እደግማለሁ፤ የእኔ ጨው በሽታ አይደለም።

ዛሬ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ክፍሏ ጠራችኝ። በሩን ዝጊ አለችኝ። ከዚያ «ጠይቂኝ» አለች።

«ምን ልጠይቅዎት?»

«ማባዣ ጠይቂኝ። የትኛው እንደቀረኝ ልወቅ።»

ጠየቅኳት። ስድስት ጊዜ ሰባት፣ ዘጠኝ ጊዜ አራት፣ እንደመጣልኝ። ሳትተነፍስ ትመልሳለች። ልክ ነው ትለኛለች፤ ልክ ነው እላታለሁ። ሰባት ጊዜ ስምንት ስላት ቆም አለች። ከዚያ አንድ ቁጥር አለች። ልክ ነው አልኳት።

«አይደለም። ሆን ብዬ ነው የሳትኩት» አለች። «አንቺ መልሱን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ እስካሁን ልክ ነው የምትዪኝ ምኑን ይዘሽ ነው?»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እዚህ ቤት ከመጣች ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው። ሳቁ እሷ ላይ ሳያልቅ ወደ ሌላ ተለወጠ። እጄን ያዘችኝ።

«ባሌን በረንዳው ላይ አይቼዋለሁ እኮ» አለች። «ሁለተኛ ቁልፉ እንኳ ተፈቶ ነበር፣ የኮቱ። እንዲህ አድርጌ ያየሁትን አላየሁትም ካልኩ፣ ካሁን በኋላ የማየውን ምኑን አምናለሁ? አንቺን ራስሽን አሁን እያየሁሽ ነው ወይ?»

እያዩኝ ነው አልኳት። እውነቱ አፌ ውስጥ ነበረ። እንደ ትኩስ ድንች ከጉንጭ ጉንጭ አገላበጥኩት፣ ዋጥኩት።

የካቲት 24

ቅጠሉ ረገፈ። ግማሹ ቢጫ ሆነ። ምራቴ «እማማ፣ ሐረጉ ምን ነካው?» አለች። እንጃ አልኳት። እሷም ብዙ አልጠየቀችም፤ ለእናቷ የምትይዝላትን ልብስ እየለየች ነበር። መቀነት የሌላቸውን፣ ገመድ የሌላቸውን ብቻ ነው የሚቀበሉት አሉ። የመምህሯ የቤት ካፖርት ቀበቶ አለው። ቀበቶውን ተርትሬ እንዳወጣ ሰጡኝ።

ተረተርኩት።

የካቲት 29

ደረቀ ያልኩት ሐረግ ጫፉ ላይ ሦስት እንቡጥ ይዟል። ጣት የሚያህሉ። ያኔ ሻጩ ያለኝ ትዝ አለኝ። ያስጠሙት ነበር ያለኝ። ልገድለው ብዬ እንዲያብብ አደረግኩት።

እንቡጦቹን ልቀጥፋቸው ወጣሁ። መምህሯ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። «ምን ፈለግሽ?» አለችኝ። ልብስ ልሰበስብ ነው አልኳት። ገመዱ ላይ ልብስ አልነበረም። እሷ አይታያትም፤ ግን ሲንቀሳቀስ ትሰማለች፣ ባዶ ገመድም ድምፅ አለው።

መጋቢት 2

አበበ።

ራት ላይ ነን። መጀመሪያ ልጄ ነው ያሸተተው። ምንድን ነው የሚጣፍጠው አለ። ኮኮናት የተፈጨ ይመስላል፣ ከማር ጋር። ሁሉም ተነስተው በረንዳ ወጡ፤ እኔም ወጣሁ፣ ብቀር ያስታውቅብኛል።

አበባው በእውነት ጽዋ ነው። ሁለት እጅ ገጥመው ውሃ የሚጨልፉበትን ያህል ይሰፋል፣ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ውስጡ ሐምራዊ መስመር ተሰምሮበታል፣ በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል። መምህሯ በጣቶቿ ዙሪያውን ዳሰሰችው። ፊቷን አስጠጋች። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ያለ ደስታ ፊቷ ላይ አላየሁም። «በመጨረሻ ተናገረ» አለች። «ስሙ ማነው?»

ልጄ ጎንበስ ብሎ ግንዱን ፈለገ። «ወረቀት ነበረው እኮ። ወረቀቱ የት ሄደ?»

«ዝናብ ወስዶት ይሆናል» አልኩ።

ልጄ እሺ አለ። ምራቴ አበባውን ፎቶ ታነሳለች። መምህሯ ግን ራሷን ወደ እኔ ቀና አደረገች። ከጥር ወዲህ አንድ ጠብታ አልዘነበም።

ወደ አበባው ተመለሰች። አሁን እሷ አልዘነበም ብትል ማን ያምናታል።

መጋቢት 4

የአበባው ቢጫ ደመቀ፣ ወርቅ መሰለ። ሁለተኛውም ተከፈተ። ሽታው ማድ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ክፍሌ ይገባል፣ ትራሴ ላይ ይተኛል። ትራሴ ውስጥ ደግሞ ያቺ ወረቀት አለች።

ነገ ይወስዷታል። ሻንጣው ተዘግቷል። ልጄ ዛሬ «ክፍልሽን ቀለም እንቀባልሻለን» አለኝ። ምን ዓይነት ቀለም ትወጃለሽ አለኝ።

ልጄን ማየት አቃተኝ።

መጋቢት 5

አልሄደችም። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት መምህሯ ቀበቶ የሌለውን ካፖርት ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት እጇ የካፖርቱን ግራና ቀኝ ይዞ ገጥሞታል፤ እንዳይከፈትባት። ምራቴ ሻንጣው አጠገብ፣ ልጄ የመኪና ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆመዋል። ገባሁ። ወረቀቷን መምህሯ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይህን ያንብቡልኝ» አልኳት።

«እማዬ፣ አሁን ጊዜው ነው?» አለ ልጄ። መምህሯ በእጇ ዝም አሰኘችው። ያን ማጉያ መነጽር ከቦርሳዋ አወጣች፣ ወረቀቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች። አነበበች፦

«የወርቅ ጽዋ። ማታ ማታ በልክ ይጠጣል።»

አላልታ ነው ያነበበችው። ከዚያ ፈገግ አለች። «ሻጩ ቀልደኛ ነው። ተክሉን ሰው አደረገው። ምኑ ነው ያልገባሽ?»

«ገብቶኛል። አሁን እኔ ላንብበው» አልኳት።

አነበብኩት። ያኔ ማድ ቤት ውስጥ እንዳነበብኩላት። ጠን አጠበቅኩት፣ ጣን አጠበቅኩት።

ልጄና ምራቴ ምንም አልገባቸውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ሲነበብ ነው የሰሙት። መምህሯ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ንባብ ስታርም የኖረች ናት። መነጽሩን ቀስ ብላ አወረደች። ወደ በረንዳው ዞረች፣ አበባው ወደሚሸትበት።

«ሻዩ» አለች።

«ሻዩ» አልኩ።

ምራቴ «እማማ፣ ምን እያሉ ነው?» ትለኛለች፤ አልመለስኩላትም። መምህሯ ታልቅሳለች ወይም ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አንቺ መሃይም ብትለኝ፣ እምላለሁ፣ እጇን እስም ነበር። የንባብ ስህተት ነው፤ ስህተት ለተማሪ ይቅር ይባላል። ወደዚያው ነበር ያመራሁት። አሁን ሳስበው ያን ለማግኘት ነው በወረቀቷ ዞሬ የመጣሁት።

እሷ ግን ስለ ስህተቱ አልጠየቀችም።

«አላልተው ያነበቡት መቼ ነው?» አለችኝ።

መዳፏ ላይ ያለችውን ወረቀት አየሁ።

«እኔ ማባዣ ስመልስልዎት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኩ።

ልጄ የመኪናውን ቁልፍ አልጋው ላይ ጣለው። ያን ድምፅ ስሞት እንኳ የምረሳው አይመስለኝም።

መጋቢት 11

ሐረጉን ልጄ ቆርጦ አወጣው። ሽቦው ብቻ ቀርቷል። ሐኪሙ ዘንድ ሄደው ነግረውታል፤ መምህሯ የምትጠጣውን ቅጠል ሲሰማ ለአረጋውያኑ ቤት የጻፈላትን ደብዳቤ ቀደደው አሉ። የካፖርቱን ቀበቶ መልሼ ሰፍቼ በሯ ላይ አንጠለጠልኩት። በነጋታው ለብሳው አየኋት።

እኔ በዚህችው ክፍል ነኝ። «ውጪ» ብሎ ያባረረኝ የለም። ልጄ ያናግረኛል፣ ዳቦ ግዢ፣ በሩን ዝጊ። ምራቴ ሻይ ራሷ ታፈላለች፤ ለእኔም ትቀዳልኛለች፣ ዓይኔን አታየኝም።

ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ከመምህሯ ጋር ተላለፍን። ጠባብ ነው፣ አንዱ ካልቆመ ሌላው አያልፍም። ቆመችልኝ።

«እርስዎ ይለፉ» አለችኝ።

ከዚያች ጠዋት ወዲህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትለኝ። አንቺ ብላ አልጠራችኝም። ስንት ዘመን የተመኘሁት ይህ አልነበረም ወይ። ስጽፈው አክብሮት ይመስላል።